መንደሯ ባዶ መሆኗ እንዴት ታወቀ

እዚህ ጀርመን፣ ሮደልሃይም ባለው የአረጋውያን መኖሪያ የጠዋት ተረኛ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን የእኒያ ሽማግሌ ክፍል መግባቱ አይቀርም ነበር። የገባ ደግሞ ስለ መንደራቸው ሳይሰማ አይወጣም። ባልደረቦቼ ተራ በተራ ሸሿቸው። አንዷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትገባለች፤ ሌላው ከበሩ ጀምሮ ስለ ኳስ ይለፈልፋል። እኔ አዲስ ነበርኩ፣ ጀርመንኛዬም ሰው አቋርጦ ለመውጣት የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ ደረሱኝ። በአፌ እንደ አገሩ ደንብ ከነቤተሰብ ስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በሆዴ ግን ጋሼ እላቸው ነበር።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላቲን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እግራቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፣ ጭንቅላታቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። መንደራቸው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። እሳቸው ሲወለዱ ጀርመን ነበረች፤ ከትልቁ ጦርነት በኋላ ድንበሩ ሲዛወር ገና ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር በዕቃ ባቡር ተጭነው ወጡ። ይህን በአንድ ትንፋሽ ነግረውኝ ሁለተኛ አላነሱትም። የሚያወሩት የጥንቱን ነው፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ያለውን። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየበጋው እዚያ እየሄዱ፣ በየመዝገብ ቤቱ አቧራ እየጠጡ የሰበሰቡት ታሪክ ነው። እሁድ እሁድ የምትመጣው ልጃቸው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ "አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?" ትላቸዋለች። ዝም ይሉና ሰኞ በእኔ ላይ ይወጡታል።

ፊታቸውን ሳብስ መንደሯ ገና ደን ናት። ጀርባቸው ላይ ስደርስ ደኑ ይመነጠራል። ካልሲ ሳጠልቅላቸው ቤተ ክርስቲያኗ ተሠርታ ደወል ተሰቅሎላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ አልሰማቸውም ነበር፤ "አሃ፣ አዎ፣ በእርግጥ" እያልኩ ሥራዬን እሠራለሁ። እያደር ግን ነገሩ ያዘኝ። የጤና መድን ደብዳቤ ማንበብ የማልችል ሰው፣ የማረሻ ክፍሎችን በጀርመንኛ አንድ በአንድ መጥራት ቻልኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መስፍን ደኑን ለገዳም ሰጠ። አበ ምኔቱ ደን ምን ይሠራልኛል ብሎ አንድ ሰው ጠራና፣ ሂድና ገበሬ አምጣልኝ አለው። ሰውየው ወደ ምዕራብ ሄዶ መሬት የጠበባቸውን፣ ከጌታቸው የተጣሉትን፣ ታናሽ ሆነው ርስት ያጡትን ሰብስቦ መጣ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከወንዙ ዳር ተነስቶ እስከ ደኑ የሚወጣ፣ እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን መሬት ተለካለት። ደኑን መንጥረው እስኪያርሱ ድረስ ለተወሰኑ ዓመታት ግብር አይጠየቁም። ሰዎቹን ያመጣው ሰውዬ የመንደሩ ሹም ሆነ፤ ወፍጮውንና መጠጥ ቤቱንም ያዘ።

"ይሄ ሰውዬማ ደላላ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን።

ደላላ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። እኔንም ያመጣኝ ደላላ እንደሆነ፣ ግን የእኔው ወፍጮ እንዳላቆመ፣ በረሃ መሀል ጥሎን እንደሄደ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና እጄን ያዙ። ወዲያው ግን መምህርነታቸው አሸነፋቸው፤ ደላላው ገበሬዎቹን ካመጣ በኋላ አብሯቸው መኖሩ በምን በምን እንደሚታወቅ ካልሲው እስኪያልቅ ድረስ ዘረዘሩልኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቅኋቸው። "እነዚህ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊትስ እዚያ ማንም አልነበረም?"

"ነበሩ እንጂ" አሉ። ከወንዙ በታች በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ንብ የሚያነቡ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። በመሬቱ ሰነድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳሉ፣ እነሱም ድንበር ለማመልከት ነው፤ "ድንበሩ ከዓሣ አጥማጁ ቤት አጠገብ ካለው ዋርካ የሚያህል ዛፍ ይነሳል" ዓይነት ነገር። ዛፉ ምን ዓይነት እንደነበረ ጋሼ ያውቃሉ። የዓሣ አጥማጁን ስም ግን ማንም አያውቅም። "ይህንን የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉኝና ያን ቀን ቁርሳቸውን ሙሉ በሙሉ በሉ።

በዚያ ሰሞን እኔም የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። እናቴ የምትኖረው መኪና መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ለሾፌሮች ፉልና ዱለት እየሠራች ነው ያሳደገችን። ስልክ ስደውል ቁጥሬን እያየች "ማን ልበል?" ትላለች፣ ሹፌር ማስመሰሏ ነው። የአገር ቤቱ ጦርነት በክረምቱ ወደዚያ ሲደርስ ስልኩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የምታነሳልኝ ያቺ ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም የምትለው የቴሌ ሴትዮ ብቻ ናት። በየዕረፍቱ እደውላለሁ። ዕቃ ክፍል ገብቼ፣ በፎጣዎቹ መሀል ቆሜ እደውላለሁ። እናቴ በሕይወት አለች ወይስ የለችም፣ ከዚህ ሌላ ማወቅ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ጋር በየቀኑ እንጣላለን። "ሄደህ አምጣት" እለዋለሁ። "መንገዱ ዝግ ነው፣ ደግሞ ቤቴን ጥዬ አልወጣም ብላለች፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ ማዘዝ ይቀናሻል" ይለኛል። "ሚስትህን ፈርተህ ነው" እለዋለሁ። ይዘጋብኛል፣ እደግመዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነን፤ ፍቅራችንም በጭቅጭቅ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሁሉም ይከበኛል። "እናትሽ ተገኙ?" "ምን ሰማሽ?" "የእኔ ዘመዶች ደብረ ብርሃን ገብተዋል፣ የአንቺም ይገቡ ይሆናል።" ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ እትዬ ነበሩ። እትዬ ቦርንሃይም ሰፈር የሚኖሩ፣ ተማሪ ሆነው መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቢሮ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኛን ኋላ የመጣነውን ደብዳቤያችንን እያነበቡ፣ ስንታመም ሾርባ እየላኩ ያሳደጉን ናቸው ማለት እችላለሁ። "እንዴት ነሽ" ከማለታቸው በፊት "እናትሽስ?" ይሉኝ ነበር።

ጋሼ በየዕረፍቱ የት እንደምጠፋ ታዘቡኝና ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንደ ሌላው ሰው "አይዞሽ፣ ደህና ትሆናለች" አላሉም። በመንገዱ የሚያልፈው ማን ነው፣ መጨረሻ ከዚያ የወጣው ነጋዴ ምን አለ፣ የሚቀርበው ከተማ ገበያ የሚቆመው መቼ ነው እያሉ ጥያቄ አከታተሉብኝ። ደሜ ፈላ። "እናቴ የእርስዎ መንደር አይደለችም፣ ሰው ናት" አልኳቸውና የእግር መታጠቢያውን ውኃ ደፍቼ ወጣሁ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሌላ መጠየቂያ መንገድ ስለማያውቁ እንደሆነ ነገሩኝ።

ኅዳር ላይ ነው የመንደሯን መጨረሻ የነገሩኝ። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር፤ ወይ ቤተ ክርስቲያኗን ይሠራሉ፣ ወይ ወፍጮውን ያስፈጫሉ። ያን ቀን ሹራባቸውን እየቆለፍኩ ሳለ ራሳቸው ጀመሩት።

"ጦር አለፈባት" አሉ። "የማን ጦር እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።"

"ተቃጠለች የሚል ጽሑፍ አለ?"

"የለም። አይቶ የጻፈ የለም።"

"ታዲያ ባዶ መሆኗ እንዴት ታወቀ?"

ፊታቸው በራ። ጥሩ ተማሪ ያገኘ መምህር ፊት ነው። "መንደሯ ጭቅጭቅ አይለያትም ነበር" አሉ። "የጎረቤቱ ቄስ ግጦሻችንን ገፉብን ብሎ ይከሳል። ገዳሙ ያመጡት እህል እርጥብ ነው ብሎ ይከሳል። የታችኛው ባለ ወፍጮ ውኃዬን ገደቡብኝ ይላል። ከዓመት ዓመት እንዲሁ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁሉም ዝም ይላሉ። ሞቱ የሚል የለም፣ ሄዱ የሚል የለም፤ ብቻ የሚጠይቃቸው ሰው ይጠፋል። ጎረቤቶቹ ሁሉ የሆነውን ያውቃሉ። የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ባዶ የሚለው ቃል የተጻፈው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ እርሻው ላይ ደን ከበቀለ በኋላ። ዛሬ ያለችው መንደር ሌሎች ሰዎች መጥተው በድሮ ስሟ የሠሯት ናት።"

የሹራቡን ቁልፍ አዛንፌ ቆልፌው ነበር። ፈትቼ እንደገና ቆለፍኩላቸው። ቁርሳቸውን አቀረብኩ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ።

ነገሩ የገባኝ ከሥራ በኋላ ወደ ዚንድሊንገን፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ባቡር ውስጥ ነው። ባለፈው እሁድ "እናትሽስ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት ባለው እሁድም አልነበረም። ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ሰጥተውኛል፣ አንዲት አሮጊት ጉንጬን ይዘው ብዙ ጊዜ ቆይተዋል፣ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግንባሬ ላይ አቆይተውታል። የጠየቀኝ ግን የለም። ኤርፖርት የምትሠራው አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስልክ ሲደወልላት መተላለፊያው ላይ ወጥታ ማውራት ጀምራለች፤ እኔ ደግሞ ፍቅር ይዟት ነው ብዬ ስስቅባት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እናቴ የኔ ናት፣ ወሬዋ ግን በእኔ ዙሪያ ሁሉ ሲዞር ከርሟል።

ባቡሩ ኬሚካል ፋብሪካዎቹን አልፎ እስኪቆም ድረስ መታገሥ አቃተኝ። መድረኩ ላይ እንደወረድኩ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሆነ ብዬ ልጣላው ነው የደወልኩት።

"ወንድ ከሆንክ ሄደህ አምጣት" አልኩት።

"እሺ እህቴ፣ እናያለን" አለ።

"ሚስትህን ፈርተህ ነው።"

"ልክ ነሽ።"

"አንተ ፈሪ ነህ። ከድሮም ፈሪ ነህ።"

"ልክ ነሽ" አለኝ ደግሞ። እንዲሰድበኝ ለመንኩት፣ በሆዴ። እንደ ድሮው ዝጋብኝ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ በለኝ። እሱ ግን በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ዋል ብዬው ዘጋሁ።

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ቦርንሃይም፣ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። በር ከፍተው ሲያዩኝ ደነገጡ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁልኝ። ምስር ወጥ አሙቀው አቀረቡልኝና ከፊቴ ተቀመጡ።

"ስልክ አሁንም አይሠራም እትዬ" አልኩ።

"ኔትወርክ ነው" አሉ ሳያዩኝ። "አንቺ ደክሞሻል። የሥራ ዲንስትሽ እንዴት ነው በዚህ ሰሞን? ሁሌ ጠዋት ነሽ?"

"ጠዋት ነኝ። የታመመ ስላለ እረፍቴንም እየጠሩኝ ነው።"

"ቅዳሜና እሁድስ? መቼ ነው ፍራይ ሆነሽ የምታርፊው?"

እንደዚህ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ባለፈው ሳምንትም ጠይቀውኛል፣ ያቺ አብራኝ የምትኖር ልጅም ጠይቃኛለች። መርዶ እዚህ እንደ አገር ቤት አይደለም። እዚያ ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳል፣ አለቀ። እዚህ ግን ባለመርዶዋ ጎህ ሳይቀድ ባቡር ላይ ናት። ኤርፖርት የሚሠሩት ሺሽታቸውን፣ የሥራ ተራቸውን መቀየር አለባቸው፣ አብራት የምትኖረው ቤት መገኘት አለባት፣ ቄሱ ሌላ ከተማም ይቀድሳሉ፣ ቀኑ ደግሞ ብቻዋን ሥራ የማትሄድበት መሆን አለበት። እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በቴርሚን፣ በቀጠሮ ነው። ለስንት ቅዳሜ ተሰብስበው እንደተበተኑ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ደግሞ የሰው ተራ እየሸፈንኩ "ጎበዝ ሠራተኛ" እየተባልኩ ነበር።

ተናደድኩ። እዚያው እትዬ ጠረጴዛ ላይ፣ እንጀራውን እንደጨበጥኩ፣ በጣም ተናደድኩ። ለእናቴ መነጽር ገዝቼ ነበር፣ ሰው ሲሄድ ልልክላት። ባለፈው ወር አውጥቼ ለእትዬ አሳይቻቸው "ያምርባታል" ብለውኛል። እያወቁ ነው? ያን ጊዜ ያውቁ ነበር? እናቴ አፈር ገብታ፣ መነጽር እያገላበጡ ያምርባታል ሲሉኝ ምላሳቸው እንዴት ታዘዛቸው?

አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ይዋሹኛል፤ ደንቡ ነው፣ ብቻዋን ላለች ሴት በምሳ ሰዓት መርዶ አይነገርም። ሲዋሹኝ ደግሞ አምናቸዋለሁ። ተስፋ ደግሞ ሰልችቶኛል። በየፎጣው መሀል ቆሞ ስልክ መደወል ሰልችቶኛል። ሳህኑን ጨርሼ አጥቤላቸው ወጣሁ። በሩ ላይ እቅፍ አድርገውኝ ቶሎ አልለቀቁኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼን እያጠብኩ "ልክ ላይሆኑ ይችላሉ?" አልኳቸው።

"ስለ ምኑ?"

"ስለ መንደሯ። ጎረቤቶቹ ዝም ስላሉ ሰዎቹ ሞተዋል ማለት ነው ያሉት።"

"አንዳንድ ሊቃውንት ወደ ደኑ ሸሽተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል ይላሉ" አሉ።

"ማስረጃ አላቸው?"

ጋሼ አዩኝ። ለምን እንደምጠይቅ ገብቷቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማስረጃ የሌለውን ነገር የከለከሉ ሰው፣ አሁን አንዲት ትንሽ ማስረጃ በኪሳቸው ቢያገኙ ይሰጡኝ ነበር።

"የላቸውም" አሉ።

ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ በሥራ ሰዓት የማይደረግ ነው። አለቀስኩ ማለት አልችልም፤ ደረቅ ነበርኩ። እሳቸው እርጥብ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ስለ እናቴ ከተማ ጠየቁኝ። ቤቶቹ ከመንገዱ በየት በኩል ናቸው፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ መጀመሪያ የሰፈረው ማን ነው። የመጨረሻውን አላወቅሁትም።

"እናቴ ታውቅ ነበር" አልኩ። ነበር ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

የእሳቸው ገበሬዎች እህላቸው እርጥብ መሆኑ እንኳ ሰባት መቶ ዓመት ተርፏል። የእናቴን ከተማ የጻፋት የለም። ማንም በፍርድ ቤት አልተጣላባትም፣ ማንም ገዳም አልከሰሳትም። ሰባት መቶ ዓመት ቀርቶ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ እዚያ መንገድ ዳር ፉል የምትሠራ፣ ስልክ ስታነሳ ማን ልበል የምትል ሴት እንደነበረች የሚያውቅ አይኖርም። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። አጥቤ ጨረስኳቸው። ስለ መንደሯ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አንስተውልኝ አያውቁም።

ያን ዕለት ተረኛ ሆኜ ተመድቤበት የነበረውን ቅዳሜ ያቺ ማዳመጫ የምትሰካው ባልደረባዬ እንድትይዝልኝ ጠየቅኋት። የእሷን የገና በዓል ተራ እኔ ልሠራላት ተስማማን። ምን አለሽ ስትለኝ እንግዳ አለብኝ አልኳት። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ስልኬን አወጣሁ፣ የእናቴን ቁጥር አልፌ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ፍራይ ነኝ" አልኳቸው። "ከጠዋት ጀምሮ ቤት ነኝ።"

ዝም አሉ። ከዝምታቸው ውስጥ ማወቄን እንዳወቁ ገባኝ። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ሊደርስባቸው ነው፤ ቢሆንም ደንቡ መፈጸም አለበት፣ እሳቸውም እኔም ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲያው ሌላ ቴርሚን እንዳትይዢ።"

"አልይዝም" አልኳቸው።

አርብ ከሥራ ስመለስ ቤቱን ጠረግሁ፣ የግድግዳውን መስታወት አወረድኩ። ከዚያ ከታች ያለውን ጎረቤቴን፣ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራውን ጀርመናዊ፣ ወንበር እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። ምድር ቤት ይዞኝ ወረደ። ስንት ሰው ነው የምትጠብቂው አለኝ፣ ተጣጣፊዎቹን ወንበሮች ከግድግዳው እያላቀቀ። አላውቅም፣ ያለህን ሁሉ ስጠኝ አልኩት።